የኮምፒዩተሩ ቤተ ሙከራና የእጃችን ሥራ

በዘንድሮው የሥነ ሕይወት ትምህርታችን ዲ.ኤን.ኤ.ን የማባዛት ዘዴ፥ ይኸውም ፒ.ሲ.አር. የሚባለውን፥ በኮምፒዩተር በተሠራ ምናባዊ ቤተ ሙከራ ተምረናል። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «ይህ ጨዋታ እንጂ ትምህርት አይደለም» ሲሉ፥ ሌሎቹ ደግሞ «ከእንግዲህ እውነተኛ ቤተ ሙከራ አያስፈልገንም» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ተሳስተዋል።

አስቀድሞ ጥቅሙን እንመልከት። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው ኬሪ ሙሊስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 አስቦ፥ በ1993 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብሎበታል። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ቱቦው እስከ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ጥንዱ የዲ.ኤን.ኤ. ክር ለሁለት ይለያያል። ቀጥሎ ወደ 55 ዲግሪ ገደማ ሲበርድ፥ ፕራይመር የሚባሉት አጫጭር ቁራጮች የሚፈለገውን ክፍል ከዳርና ከዳር ይይዛሉ። በመጨረሻም በ72 ዲግሪ ኤንዛይሙ ከዚያ ተነሥቶ አዲስ ክር ይሠራል። ይህ ኤንዛይም በአሜሪካ አገር በየሎውስቶን ፍል ውሃ ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያ የመጣ ስለ ሆነ ሙቀቱን ይችላል። አንዱ ሁለት፥ ሁለቱ አራት እየሆነ 30 ጊዜ ቢደጋገም ከ1 ቢሊዮን በላይ ቅጂ ይገኛል። ይህ ሁሉ በዓይን አይታይም። እውነተኛው መሣሪያ ቢኖረን እንኳ የምናየው የተዘጋ ሣጥን ብቻ ነበር። ኮምፒዩተሩ ግን ውስጡን ከፍቶ አሳይቶናል።

ነገር ግን በኮምፒዩተሩ ውስጥ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ ባዕድ ዲ.ኤን.ኤ.ም ወደ ቱቦው አይገባም። ቁልፉን ለተጫነ ሁሉ ውጤቱ ያምራል። በእውነተኛው ሥራ ግን ከሌላ ናሙና ጥቂት ቢገባ እርሱም አብሮ ይባዛል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ፥ የቫይረሱ አር.ኤን.ኤ. ወደ ዲ.ኤን.ኤ. እየተለወጠ ምርመራ የተደረገው በዚሁ ዘዴ ነበር። ጤነኛውን «በሽተኛ ነህ» ከማለት የሚያድነው የባለሙያው ንጹሕና ጥንቁቅ እጅ ነው። እንዲህ ያለ እጅ ደግሞ በልምምድ እንጂ በማየት ብቻ አይገኝም።

ስለዚህ ምናባዊው ቤተ ሙከራ ለእውነተኛው መግቢያ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን። ዋናውን መሣሪያ መግዛት ከትምህርት ቤታችን አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ጥቂት ፒፔቶች ገዝቶ በቀለም ውሃ እጃችንን ማለማመድ፥ በዓመት አንድ ቀንም መሣሪያው ያለበትን ቤተ ሙከራ ማስጎብኘት የሚከብድ አይመስለኝም። መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ይህን እንዲያስቡልን በትሕትና እለምናለሁ። እናንተም ጓደኞቼ፥ በዓይናችሁ የተማራችሁትን በእጃችሁ ለመሥራት ተነሡ፤ የነገው በሽተኛ የሚመረመረው በእኛ እጅ ነውና።