ጭቃው የታለ?

ሐምሌ ላይ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚኒባስ የሄደ ሰው የምነግራችሁን አይቶታል። ዳባትን አለፍ እንዳልን ዝናቡ አስፋልቱን ይቀጠቅጠዋል። ከኋላችን አንድ ፒክአፕ እንደ ወፍጮ እያጓራ መጣ። የሚያጓራው ሞተሩ አይደለም፤ ጎማው ነው። ጥርሱ ገጥጦ የወጣ፣ ከመኪናው አካል ወደ ውጭ የተንጠለጠለ፣ ቁመቱ የልጅ ደረት የሚደርስ ጎማ። አልፎን ሄደ። ሁለት ኩርባ እንደዞርን አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ቀብሮ አገኘነው። እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም።

የእኛ ሾፌር ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ወርደው ጎማውን በጫማቸው መታ መታ አደረጉና፣

«አንተ ልጅ፣ ይኼን ማን አስገዛህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ የጭቃ ጎማ እኮ ነው! አራቱንም አዲስ ነው ያስገባሁት።»

«እሱንማ አያለሁ። ጭቃው የታለ?»

ተሳፋሪው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ደባርቅ ገብቼ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

አማርኛችን ለጭቃ ሁለት ስም አለው፤ ድጥና ማጥ። ድጥ ከሥሩ ጠንካራ መሬት አለው፤ ላዩ ብቻ ረጥቦ ያንሸራትታል። ማጥ ግን ሥር የለውም፤ ይውጣል፣ አልለቅም ይላል። «ከድጡ ወደ ማጡ» የምንለው ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ ነው። የጎማ ነጋዴው ግን ሁለቱን በአንድ ላይ «ጭቃ» ብሎ ይጠራና አንድ ዓይነት ጎማ ያሸክማችኋል። ገዢውም አይጠይቅም። ጥርሱ ትልቅ ከሆነ፣ ጉልበቱም ትልቅ ይመስለዋል።

የጭቃ ጎማ፣ ነጋዴዎቹ «ኤም-ቲ» የሚሉት፣ የተሠራው ለማጥ ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት የሰፋው ጭቃውን ነክሶ እንዲይዝ፣ ሲሽከረከር ደግሞ የያዘውን ወርውሮ እንዲጥል ነው። ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ግን መሬት የሚነካው ላስቲክ ያንሳል። እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናውን የሚያቆመው መሬት የነካው ላስቲክ ነው። በላስቲኩ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን ስንጥቆችም ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ የውኃውን ሽፋን እየቆረጡ መንገዱን ይይዛሉ። በጭቃ ጎማ ላይ ብዙውን ጊዜ እነዚህ ስንጥቆች ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ፍሬን ሲረገጥ መኪናው ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። በዚያ ላይ ይጮኻል፣ ነዳጅ ይበላል፣ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል። መጠኑ ፋብሪካው ካዘዘው በልጦ ከሆነ ደግሞ የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ያነሰ ያሳያል፤ ሽቅብ ማርሹ ይደክማል፣ ቁልቁል ፍሬኑ ይከብደዋል። እንዲህ ሆኖ፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ከገደል ፈልፍሎ ያወጣውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ መውረድ ምን ይባላል? እኔ ድፍረት አልለውም።

አሁን መንገዱን እንይ። ከጎንደር ደባርቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አስፋልት። ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ የሚወስደው የፓርኩ መንገድ ጠጠርና ድንጋይ ነው፤ ክረምት ላይ ድጥ ይሆናል። ቧሂት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ እዚያ በረዶና ውርጭ አለ። በዚህ መንገድ የሚያስፈልገው ጎኑን ስለታም ድንጋይ የማይቀደው፣ ባለ 10 ፕላይ፣ ጥርሱ መካከለኛ የሆነ «ኤ-ቲ» የሚባለው ጎማ ነው። የድሮ ላንድክሩዘር ሾፌሮች ቀጭኗን ሰባት ሃምሳ ከነካላማዳሪዋ የሚወዷት በከንቱ አልነበረም። ቀጭን ጎማ የላዩን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይፈልጋል። ብትፈነዳም ካላማዳሪ የሚለጥፍ ሰው በየደረሱበት አይጠፋም።

የመንገዱም ነገር አለ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ገባ፤ የወጣው በ2017 ነው። እንዲወጣ ካገዙት ሥራዎች አንዱ፣ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈውን የመኪና ግርግር ለመቀነስ ተለዋጭ መንገድ መሠራቱ ነው። እንግዲህ ለቅርስ ሲባል መንገድ እስከ ማዞር ተደርሶ፣ እኛ ደግሞ ለጉራ በተገዛ ጎማ እርጥቡን የጠጠር መንገድ እናርሰዋለን። ጎማው እየተሽከረከረ የቆፈረውን ጎርፍ ይረከበዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦይ ሆኖ ይጠብቀናል።

«ታዲያ ማጥ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ እንጂ! እኔን ያናደደኝም እዚህ ላይ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ቀበሌዎቹ ታጠፉ። የዋልካው መሬት ክረምት ሲጠግብ የበሬ እግር ይውጣል፣ እንኳን የመኪና ጎማ። እዚያ የሚገባ መኪና የጭቃ ጎማ ይገባዋል፤ ማንም አይከራከርም። ማን ነው እዚያ የሚገባው? ምጥ የያዛትን ሴት የሚያመጣው አምቡላንስ፣ ክትባት የሚያደርሰው መኪና፣ የገበሬውን ማዳበሪያና ዘር የሚያመላልሰው።

ስሙን በማልጠራው አንድ ወረዳ አንድ የአምቡላንስ ሾፌር መኪናውን አስፋልቱ ዳር አቁሞ አገኘሁት። ከሩቅ፣ ሽቅብ ከሚመጣው ቀጭን መንገድ ላይ፣ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ይታያሉ።

«ለምን አትሄድላቸውም?» አልሁት።

ምንም ሳይመልስ የኋላውን ጎማ አሳየኝ። ጥርሱ አልቆ እንደ እጅ መዳፍ ለስልሷል። እስኮርታውን አሳየኝ፤ እሱም ያው ነው።

«ከገባሁ አልወጣም። ከዚያ ቃሬዛውን ብቻ ሳይሆን እኔንም ነው የሚሸከሙት።»

«ጎማ አልጠየቅህም?»

«ከጥር ጀምሮ። ግዢ ላይ ነው እባላለሁ።»

ጊዜው ሐምሌ ነበር። ቃሬዛው ደረሰ። በላዩ ላይ ያለችው ልጅ ሃያ ዓመት የሚሞላት አይመስለኝም። ተሸካሚዎቹ ጉልበታቸው ድረስ ጭቃ ናቸው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው የተጓዙት። አምቡላንሱ ይዟት ሄደ። እንዴት እንደሆነች አልሰማሁም። ሦስቱን ሰዓት ግን አየሁ። በዚያው ወረዳ ከአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ አንድ ፒክአፕ ቆሟል፤ የኃላፊው ነው። አራቱም ጎማ አዲስ፣ አራቱም የጭቃ። ከቢሮ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ሆቴል ይመላለሳል፤ ጥርሶቹ መካከል ያለችው ቆሻሻ የሆቴሉ በር ላይ ያለችው ጠጠር ናት።

እንግዲህ የእኛ አገር የጎማ ድልድል ይኼ ነው፤ የጭቃው ጎማ አስፋልት ላይ፣ ልሙጡ ጎማ ማጥ ውስጥ።

ነጋዴውን ብቻ አትውቀሱ፤ እሱ የተጠየቀውን ነው የሚሸጠው። ያየሁት የግዢ መጠየቂያ ላይ የተጻፈው «የመኪና ጎማ፣ 4 ፍሬ» የሚል ነበር፤ ከነመጠኑ። ለየትኛው መንገድ? አይልም። ስንት ኪሎ የሚሸከም? አይልም። መቼ የተሠራ? አይልም። ጎማ እኮ ሳይሽከረከር፣ መጋዘን ተቀምጦም ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለች፤ 2319 ካለች በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ይህችን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው። እኛ ግን ጎንበስ አንልም። ዋጋው ያነሰውን መርጠን እንፈርማለን፤ ወይም ለአለቃ ከሆነ የሚያስፈራውን መርጠን እንፈርማለን። የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድሮ የተሳሳተ ጎማ መግዛት ሞኝነት ነበር፤ ዛሬ ከሰው አፍ መንጠቅ ነው።

«ገንዘቤ ነው፣ መኪናዬ ነው፣ ምን አገባህ?» የሚል ባለ መኪና አይጠፋም። ቦይ ውስጥ ሲገባ ለብቻው ቢገባ፣ እሺ፣ አላገባኝም። ግን መንገዱ የጋራ ነው። ፊት ለፊቱ ሚኒባስ አለ፤ ሚኒባሱ ውስጥ እኔ አለሁ፤ ከጎኔ ልጇን ያቀፈች እናት አለች። እርጥብ አስፋልት ላይ የሚጎድለው የፍሬን ርቀት የሚሰላው በእኛ ላይ ነው። በእርግጥ ማጥ ውስጥ ውሎ የሚያድር መኪና ያለው ሰው የጭቃ ጎማ ይግዛ፤ ማጡ ውስጥ አየሩን ቀነስ ያድርግ፣ አስፋልት ከመውጣቱ በፊት መልሶ ይሙላ፣ በዝናብ ቀስ ይበል። ይህን የሚያውቅ ሾፌር በእኔ ጽሑፍ አይቆጣም። የሚቆጣው ጎማውን እንደ ወርቅ ሰዓት የገዛው ነው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የወረዳ ግዢ ክፍል ፎርሙ ላይ ሦስት መስመር ይጨምር፤ የጎማው ዓይነት፣ የሚሸከመው ክብደት፣ የተሠራበት ጊዜ። ከመፈረሙ በፊት ሾፌሩን ይጠይቅ፤ መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው። ሰኔ ሳይገባ የአምቡላንሶቹ ጎማ ይታይ። ጎማ ከጠፋም የአለቃው ተፈትቶ ለአምቡላንሱ ይግባ፤ ቸርኬው አንድ ከሆነ የግማሽ ቀን ሥራ እንኳ አይደለም። አለቃው አስፋልት ላይ ነው ያለው፤ አይሰምጥም።

እናንተም ጥርሱ የገጠጠ ጎማ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ቆሞ ስታዩ እንደ እኛ ሾፌር ጠይቁልኝ፤ ጭቃው የታለ? መልስ ካጡ እኔ ልንገራቸው። ከተሸካሚዎቹ ጉልበት ላይ ነው።