አርማው በማኅተም ይፈተን

አዲስ ኩባንያ የሚያቋቁሙ ሰዎች፣ ካፒታላቸውን አስመዝግበው፣ ፈቃድ አውጥተውና ቤት ተከራይተው ካበቁ በኋላ፣ ከሁሉ ይልቅ ቀላል መስሏቸው ለመጨረሻ የሚያቆዩት፣ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያጨቃጭቃቸው ጉዳይ ቢኖር የድርጅታቸው አርማ ነው። የጭቅጭቁን ምክንያት ብዙ ሰው በነዳፊው ችሎታ ማነስ ያሳብባል፤ እኔ ግን ችግሩ ከነዳፊው ጠረጴዛ በፊት ከባለቤቶቹ ኅሊና እንደሚጀምር፣ መፍትሔውም በየመሥሪያ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠው ክብ ማኅተም እንደማይርቅ ለማስረዳት እወዳለሁ።

ነዳፊው የሚቀበለው ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ እንደዚህ ያለ ነው። አንደኛው ባለአክሲዮን አንበሳ ይግባበት ይላል፤ ሁለተኛው የአክሱምን ሐውልት፣ ሦስተኛው የቡና ፍሬ ከምትወጣ ፀሐይ ጋር ይፈልጋል፤ ሁሉንም ለማስታረቅ የሚደክመው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ዙሪያውን እንዲከቡት ይፈርዳል። ከዚህ ጉባኤ የሚወጣው ሥዕል የማንንም ፈቃድ ሳያጓድል የሁሉንም ልብ ያሳርፋል፤ ይሁን እንጂ የአርማ ዋና ግብሩ አንዱን ከሌላው ለይቶ ማሳወቅ ሆኖ ሳለ፣ ያ ሥዕል ከጎረቤቱ ሕንፃ ላይ ከተሰቀለው ታፔላ በምን እንደሚለይ የሚናገር ሰው ይጠፋል።

ነገሩ የውበት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 501/1998 ለተመዘገበ ምልክት በየጊዜው ሊታደስ የሚችል የ7 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ዳሩ ግን አስቀድሞ ከተመዘገበ ምልክት ጋር ለሚያደናግር፣ የዕቃውን ዓይነት ከመግለጽ በቀር ሌላ መለያ ለሌለው፣ ወይም የመንግሥትን ሰንደቅ ዓላማ ያለ ፈቃድ ለቀዳ ምልክት በሩን ይዘጋል። እንግዲህ የቡና ፍሬ ብቻ ሥሎ የመጣ ቡና ላኪ፣ ወይም ባንዲራውን ዙሪያውን የጠመጠመ አስመጪ፣ ለነዳፊው ገንዘቡን ከከፈለና ታፔላውን ከሰቀለ በኋላ ምልክቱ የእርሱ ብቻ ሊሆን እንደማይችል ቢነገረው፣ ጥፋቱ ከመዝጋቢው አይደለም።

ስለዚህ ፈተናው አስቀድሞ በማኅተም ይሁን እላለሁ። የድርጅት ማኅተም ከላይ በግማሽ ክብ የአማርኛውን ስም፣ ከታች የእንግሊዝኛውን ሲይዝ፣ ለአርማው የሚተርፈው ቦታ ከአውራ ጣት ጥፍር እምብዛም አይሰፋም፤ ቀለሙም ሰማያዊ ወይም ሐምራዊ፣ ያውም አንድ ብቻ ነው። የቀለሙ ስፖንጅ ሲረጥብ መስመሩ ይደፈናል፤ ሲደርቅ ደግሞ ይቆራረጣል። በኮምፒዩተር ሲታይ ዓይን የማረከው የቀለም ጥላና ድምቀት በዚያ ሁሉ አንዳች ሳያስቀር ይጠፋል። ፊደላችንም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይሻል፤ ካዕቡ «ቡ» ከሣልሱ «ቢ» የሚለየው በአንዲት አጭር ጭረት፣ ያችም ከወገቡ ወይም ከእግሩ በመቀጠሏ ብቻ ስለ ሆነ፣ አጥብበውና አወፍረው የጻፉት ስም ቀለም ሲጠጣ የባለቤቱ ስም መሆኑ ይቀራል። ደንበኛው ግን አርማውን አዘውትሮ የሚያገኘው በትልቁ ሰሌዳ ላይ ሳይሆን በደረሰኝ፣ በውልና ደጋግሞ ፎቶኮፒ በተነሣ ደብዳቤ ላይ ነው፤ በእጅ ስልክ ላይ የምትታየው ምስልም በስፋቷ ከዚያች የማኅተም እምብርት ብዙ አትበልጥም።

የቀደሙት አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የአክሱም ነገሥታት በዚያች ትንሽ የወርቅ ገንዘብ ላይ የንጉሡን አምሳል በሁለት የእህል ዛላዎች መካከል ሲያኖሩ፣ ከበላዩ ጨረቃና ክብ ያደርጉ ነበር፤ ንጉሥ ዒዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ክርስትናን በተቀበለ ጊዜ ግን የጨረቃውን ምልክት አንሥቶ በቦታው መስቀል ተካ። አዲሱን በአሮጌው ላይ አልደረበም፤ አንዱን መረጠ፤ ያ ታላቅ የእምነት ለውጥም በጣት በምትያዝ ገንዘብ ላይ ላየው ሁሉ ግልጽ ሆነ።

«ድርጅታችን የሚሠራው ብዙ ነውና አንድ ምልክት ሁሉን እንዴት ሊናገር ይችላል?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሱ፣ አርማ ሁሉን እንዲናገር አይጠየቅም የሚል ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1864 በጄኔቭ የጸደቀው ቀይ መስቀል በነጭ መደብ ላይ የተሣለ ተራ ቅርጽ እንጂ ቃሬዛም፣ መድኃኒትም፣ ሐኪምም አይታይበትም፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ብዙም ሳይቆይ የጣልያን ጦርነት ሲነሣ ግን፣ ያ ምልክት የቁስለኛ መጠጊያ ማለት እንደ ሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገም። ትርጉሙን የሰጡት የሠዓሊው እጅ ሳይሆን ከምልክቱ በታች የተፈጸመው ምግባርና ጥብቅ ሕጉ ናቸው። አዲሱ ኩባንያም ገና ያልሠራውን ሥራ አርማው እንዲመሰክርለት ቢያስገድደው፣ ምስክርነቱን የሚያምን አያገኝም።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለ፣ ባለቤቶቹ ነዳፊ ከመጥራታቸው በፊት ድርጅታቸው ለማን ምን እንደሚያደርግ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ፤ በዚያ ካልተስማሙ በሥዕሉም አይስማሙም። ከዚያም የመወሰን ሥልጣኑን ለአንድ ሰው ሰጥተው፣ የመጀመሪያውን ንድፍ በጥቁር ቀለም ብቻ፣ በማኅተም ልክ አሳትመው ይመልከቱት፤ በመዝገቡም ውስጥ የሚመስለው እንዳለ ያስጠይቁ፤ ስለ ቀለም የሚነጋገሩት ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ይሁን። ነዳፊዎቻችንም በበኩላቸው ይህን ፈተና ያላለፈ ሥራ ለደንበኛ ባያስረክቡ፣ ደንበኛው በኋላ ታፔላውን፣ ቅጹንና ምዝገባውን እንደ ገና ለመለወጥ ከሚያወጣው ገንዘብ ያድኑታል፤ የሙያቸውንም ክብር ይጠብቃሉ።