የዛገ መሮ ቁርጥራጭ ብረት አይደለም

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ በአናጢ ቤት ደጃፍ ለሚያልፍ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የኤሌክትሪክ መሰንጠቂያው ጩኸት ነው። መብራት ሲጠፋ ጩኸቱ ይቆማል፤ ሥራውም አብሮ ይቆማል። በዚያው ቤት ጥግ ግን የዛገ መሮ፣ እጀታው የተሰበረ መላጊያ፣ ጥርሱ የዶለዶመ መጋዝ ቁራሌ እስኪወስደው ተጥሎ ይገኛል። ቁራሌው ብረት የሚገዛው በኪሎ ስለሆነ ሚዛኑ የመሮን ምላጭ ከበር ማጠፊያ አይለይም። የተማርን የምንባለው ሰዎች ሚዛን ከዚህ የተሻለ ነውን? አይመስለኝም።

የመሮ ምላጭ ከመቶ ከ0.6 እስከ 1 ገደማ ካርቦን ያለበት አረብ ብረት ነው። ቀጥቃጩ ማግኔት እስከማይስበው፣ ማለትም ከ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ያግለውና በድንገት ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። እንደ መስታወት ተሰባሪ ሆኖ እንዳይቀርም እስከ 220 ዲግሪ ገደማ በዝግታ መልሶ ያሞቀዋል። ያን ጊዜ ብረቱ የገለባ መልክ ይይዛል። መልኩ የሚመጣው በገጹ ላይ ከሚፈጠር እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ ከሽፋኑ ላይና ሥር የሚንፀባረቁ የብርሃን ሞገዶች ይደራረባሉ። በዝናብ ቀን አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ኅብረ ቀለም የሚያሳየንም በዚሁ ምክንያት ነው። ቀጥቃጩ ቴርሞሜትር ሳይኖረው ሙቀትን በዓይኑ ይለካል ማለት ነው።

ዝገት ይህን ጥንካሬ አያጠፋውም፤ የሚበላው ገጹን ነው። መሮውን አንድ ሌሊት ኮምጣጤ ውስጥ ማሳደር፣ በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ፣ በሶዳ ውኃ ማጠብ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ይበቃል። ከዚያ የቀረው የስለት ድንጋይና የትዕግሥት ሥራ ነው። የወይራ እጀታም በአገራችን አይጠፋም።

ጥንካሬውን የሚያጠፋው ችኮላ ነው። ምላጩን ግራይንደር ላይ ውኃ ሳያስነኩ ሲጫኑት ጫፉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ይህም ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ መድረሱን ይነግረናል። እንዲህ የሆነ ጫፍ ስለት አይይዝም። ባለቤቱም ጥፋቱን በመሮው አሳብቦ ይጥለዋል።

የስለትን ዋጋ ለማወቅ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ይበቃል። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መሮ ላይ 100 ኒውተን ኃይል እናሳርፍ። የስለቱ ጫፍ ውፍረት 0.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግፊቱ 25 ሜጋፓስካል ነው፤ ወደ 0.01 ከሳልነው 500 ሜጋፓስካል ይሆናል። ክንዱ ያው ክንድ ነው፤ ግፊቱ ግን 20 እጥፍ አደገ።

ታዲያ ይህን ዕውቀት ለምን አናነሳውም? ሥሩ የቆየ ይመስለኛል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት የእንጨት ባለሙያዎች ራሳቸው ከማኅበረሰቡ ተገልለው ይኖሩ እንደነበር ጽፈዋል። ነገሩ የጉራጌ ብቻ አልነበረም፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰዋል። ስድቡ ቢቀንስም መሮ የያዘን ልጅ «ትምህርት ያልሆነለት» ብሎ ማየት አልቀረም። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ቱልስ ፎር ሰልፍ ሪላያንስ የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ያረጁ የእጅ መሣሪያዎችን እያደሰ ለአሥርተ ዓመታት ታንዛንያን ወደ መሰሉ የአፍሪካ አገሮች ልኳል። እኛ ግን የራሳችንን በኪሎ እንሸጣለን።

ማሽን ይቅር አላልኩም፤ መቶ በር የታዘዘ ሰው መላጊያ ይዞ አይጀምርም። ሆኖም ማሽን መግዣ ብድር የሚጠብቅ ሥራ ፈላጊ ወጣት በሦስት የታደሱ መሮዎች፣ በአንድ መላጊያና በአንድ መጋዝ ዛሬውኑ በርጩማ መሥራት ይችላል። የሳይንስ ፋኩልቲዎቻችንም በቤተ ሙከራቸው አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ አንድ የስለት ድንጋይና ሃያ የዛጉ መሣሪያዎች ያኑሩ፤ የብረታ ብረት ትምህርትም ከዚያ ይጀምር። ወጪውን ለሚጠይቅ የፋይናንስ ክፍል የቁራሌውን የኪሎ ዋጋ ማቅረብ ነው።