በዘፈኑ የተገኘው አራሽ

ዛሬ ስለ አንድ ገበሬ እናውጋችሁ። ስሙ ጆን ኸርት ነው። አገሩ አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ የሚባለው ክፍል ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጆን ያደገው አቫሎን በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ትምህርት ቤት የቆየው 4 ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ እርሻ ገባ። መሬቱ ግን የሌላ ሰው ነበር። ጥቁሩ ገበሬ ጥጥ ያመርታል፣ ባለመሬቱ ድርሻውን ይወስዳል። የእኩል አራሽን ኑሮ ሽማግሌዎቻችን ያውቁታልና ብዙ መግለጽ አያሻም።

ጊታር 6 ጅማት አለው። እንደ ክራር በጣት ይመታል። ጆን በልጅነቱ ራሱን በራሱ አስተማረ። አውራ ጣቱ ወፍራሞቹን ጅማቶች እንደ ከበሮ ሳያቋርጥ ይመታል። በዚያው ጊዜ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ይጫወታሉ። የሰማ ሰው ሁለት ሰዎች የሚጫወቱ ይመስለዋል። ብሉዝ የጥቁር አሜሪካውያን እንጉርጉሮ ነው። ብዙዎቹ ሲያንጎራጉሩ ይጮሃሉ፤ እሱ ግን ከጎረቤቱ ጋር የሚያወጋ ነው የሚመስለው።

አንድ ነጭ ቫዮሊን ተጫዋች ጎረቤት ነበረው፤ ዊሊ ናርሙር ይባላል። ዘመኑ ነጭና ጥቁር በሕግ የተለያዩበት ነው። ቢሆንም ናርሙር ለሸክላ ኩባንያ ሰዎች የጆንን ስም ነገራቸው። በ1928 ጆን ወደ ሜምፊስ ሄዶ 8 ዘፈን አስቀረጸ። ለገበያ የወጡት ግን 2 ብቻ ናቸው። የቀሩት 6 ያንገበግቡኛል! በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ሄዶ ሌሎች ጨመረ። ከነዚህ በአንዱ ውስጥ የአቫሎንን ስም አነሳ።

ሸክላዎቹ ብዙ አልተሸጡም። በ1929 ደግሞ በአሜሪካ ከባድ የኑሮ ችግር ወረደ፤ የሸክላም ሥራ ወደቀ። ጆን መንደሩ ተመልሶ ማረሱን ቀጠለ።

በ1952 ሁለት ዘፈኖቹ ከሌሎች የድሮ ዘፈኖች ጋር እንደገና ወጡ። ወጣቶች ወደዷቸው። ታዲያ ዘፋኙ የት አለ? ይኑር ይሙት የሚያውቅ ጠፋ። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት ያን የአቫሎን ዘፈን ሰማ። በአሮጌ ካርታ ላይ የመንደሪቱን ስም ፈልጎ አነበበ። በመኪና ሄደ፤ እውነትም ጆን እዚያው ነበር። 70 ዓመት ገደማ ሆኖት ከብት ይጠብቃል። እንግዳውን ሲያይ የመንግሥት ፖሊስ መሰለው። አይፈረድበትም! በዚያ ጊዜ በሚሲሲፒ የማያውቁት ነጭ የጥቁር ሰው ደጅ ላይ ሲቆም ያስፈራ ነበር።

ጆን የራሱ ጊታር እንኳ አልነበረውም። እንግዳው የያዘውን ሰጠው። ጣቶቹ አልረሱም።

በዚያው ዓመት በኒውፖርት የሙዚቃ በዓል በብዙ ሕዝብ ፊት ተጫወተ። አዳዲስ ሸክላዎችም አወጣ። ይህ የሆነው ለ3 ዓመት ብቻ ነው፤ በ1966 ሞተ። የተቀበረውም አቫሎን ነው።