የተመረቀውን ስናጅብ የሚማረውን አንርሳ

ርዕሰ አንቀጽ



እንደሚታወቀው የምርቃት ሰሞን ሲመጣ ሠፈራችን ደስታ በደስታ ይሆናል። መኪና ተኮናትሮ ወደ ሐረማያ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዘው ቤተሰብ ብዙ ነው። ቀድሞ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በከተማችን ካምፓስ ነበረው፤ ዛሬ ደግሞ ጭሮ የራሷ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ስላላት ሩቅ ሳይሄድ እዚሁ ልጁን የሚያስመርቅ ወላጅም አለ። በግ ይታረዳል፣ ድፎ ይደፋል፣ እናቶች እልል ይላሉ። ካባ የለበሰው ልጅ ፎቶግራፍም በፍሬም ሆኖ ሳሎን ይሰቀላል።

ይህ ደስታ የሚነቀፍ አይደለም። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ተማሪው ኮርሱን ስለጨረሰ ብቻ አይመረቅም፤ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍም አለበት። ላቡን አፍስሶ ላገኘው ልጅ እልልታ ቢያንሰው እንጂ አይበዛበትም። ማኅበራችንም በየዓመቱ ተመራቂዎችን ጠርቶ ቡናና ዳቦ ማቅረቡን ይቀጥላል።

ታዲያ እዚያው እልልታው ደጃፍ ላይ ቆሞ የሚያየውን ታናሽ ወንድም፣ ከጓዳ ብቅ ብላ የምትመለከተውን ታናሽ እህት ማን አስተዋለ? የእነርሱስ ተራ ይደርሳል ወይ? የዛሬው ርዕሳችን ይኸው ነው።

ቁጥሩን እንናገር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን በጀመሩበት በ2014 ዓ.ም.፣ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እየተሻሻለ ነው፤ እሰየው። ሆኖም በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተማሪ ከ90 በላይ የሚሆኑት ማለፊያውን አላገኙም ማለት ነው። በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ነበሩ። ከእነዚህ ልጆች ሁሉ ሰነፍ ነው ብለን የምናልፈው ስንቱን ነው?

እኛ ወላጆች ብዙዎቻችን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት አላለፍንም። የልጃችንን የፊዚክስ ደብተር ገልጠን ብናይ ፊደሉን እናነበዋለን እንጂ ነገሩን አናውቀውም። «አጥና» እንላለን፤ እንዴት እንደሚጠና ግን ልንነግረው አንችልም። መምህሩም ቢሆን ክፍል ሙሉ ተማሪ ይዞ ለእያንዳንዱ አይደርስም። ቤተ ሙከራው ዕቃ በሌለበት፣ አሲድና ቤዝ ሲገናኙ ቀለም እንዴት እንደሚለወጥ በዓይኑ ሳያይ ፈተና የሚቀመጥ ልጅ ሞልቷል። የሳይንስ ተማሪ በቃል ሸምድዶ የትም አይደርስም፤ የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።

የሚያሳየው ሰው ደግሞ አለ። ትናንት ካባ ለብሶ ያጀብነው ልጅ ነው!

የአንድ ሰው እጅ ምን ሊሠራ እንደሚችል እናንሣ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ1950 ወሎንኮሚ በምትባል የሸዋ መንደር፣ ባለ አንድ ክፍል የሣር ጎጆ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። እናታቸው ልጄ ይማር ብለው ስለ ጸኑ፣ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግር ሄደው፣ ሳምንቱን ሲማሩ ሰንብተው፣ ዓርብ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ከጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት በኋላ እዚሁ ጎረቤታችን ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ገቡ፤ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ ነው። በ1973 (እ.ኤ.አ.) ተመረቁ። በዚያው ዓመት የኮሌጅ መምህራቸው ጆን አክስቴል ከሚባሉ የአሜሪካ የማሽላ ተመራማሪ ጋር አስተዋወቋቸው። እኚህ ሰው በአገራችን እየዞሩ የማሽላ ዘር ሲሰበስቡ ወጣቱን ገቢሳን አብረው አሰማሩት፤ ሥራውን ባዩ ጊዜም በሚያስተምሩበት በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተቀበሉት። በ1978 (እ.ኤ.አ.) ዶክተር ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ለእኛ ለሐረርጌ ሰዎች ባዳ አይደለም፤ የማሽላ ሥራ ነውና። ድርቅ የሚችል ዲቃላ ማሽላ ለሱዳን አበረከቱ። ቀጥለው አቀንጭራን ተያያዙት። አቀንጭራ ገበሬ የሚያውቀው ጠላት ነው፤ ሥሩን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቆ ምግቡን ይመጥጠዋል፣ ዘሩም አፈር ውስጥ ብዙ ዓመት ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃውም የማሽላው ሥር የሚያወጣው ቅመም ሲደርሰው ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ያንን ቅመም በጥቂቱ ብቻ የሚያወጣ ማሽላ መርጠው አዳቀሉ፤ አቀንጭራው ሳይነቃ ይቀራል ማለት ነው። ከእነዚህ ዘሮች ጎቢዬና አብሽር የተባሉት ለአገራችን ገበሬም ደርሰዋል። ለዚህ ሥራቸው በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን፣ በ2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳሊያ ተቀበሉ።

ልብ በሉ! የእናት ጽናት፣ የልጅ ትጋት አለ። ሆኖም መሐል ላይ «ይህን ልጅ እዩልኝ» ያለ አንድ መምህር ባይኖር ነገሩ በዚህ መንገድ ይሄድ ነበር ወይ? ማስተዋወቅ ቤት አያሸጥም።

ደግሞም ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ከ1964 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፤ ብዙዎቹም በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ነበር። ያ በደንብ የታዘዘ ነበር። እኛ የምንለው በፈቃድ የሚሆን፣ ዓመት ሳይሆን ጥቂት የክረምት ሳምንታት ነው።

አንዳንድ ሰው «ተመራቂው ራሱ ሥራ አጥቶ ተቀምጦ እሱ ማንን ይረዳል?» ይላል። ንግግሩ እውነት አለበት፤ ዲግሪውን ይዞ ቤት የዋለ ልጅ ያለበትን ቤት እናውቃለን፣ ሕመሙም ቀላል አይደለም። ታናናሾቹም ይህን አይተው «መማር ምን ሊያደርግ» እያሉ ከትምህርት ቤት ይልቅ ጫት ወደሚታሰርበት ያዘነብላሉ፤ የዕለት ገንዘብ ይታያላ! ነገር ግን ሥራ የጠፋው ልጅ ዕውቀቱ አልጠፋም። ቤት ተቀምጦ ከሚብሰለሰል ሦስት ልጅ ሰብስቦ ሒሳብ ቢያሳይ ለእነርሱ መንገድ ይሆናል፤ ለራሱም ከሰው ፊት ያቆመዋል፣ ስሙን ያስጠራዋል። ያልተሠራበት ዕውቀት እንዳልተወለወለ ማረሻ ይዝጋል።

ለማስተማር ትልቅ ቤተ ሙከራ ግድ አይደለም። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ተቀቅሎ፣ ውኃው ላይ ሎሚ ጠብ ሲደረግ ቀላ ይላል፤ የሶዳ ዱቄት ሲነካው ወደ አረንጓዴ ያደላል። አሲድና ቤዝ እንዲህ በጓዳ ዕቃ ይታያል። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁለቱን የሚወርድ የጭነት መኪና ለምን ማርሽ ቀንሶ እንደሚወርድ፣ ፍሬን ብቻ ከተያዘ ለምን እንደሚግል የሚያስረዳ ተመራቂ ፊዚክስን ከደብተር ወደ አስፋልት አወጣው ማለት ነው። ልጅ እንዲህ የተማረውን አይረሳም።

ስለሆነም የማኅበራችን ጽሕፈት ቤት የሚከተለውን ለነዋሪው ያቀርባል፦

1ኛ. የተመራቂዎች አቀባበል ቀን ታናናሾቹም ይጠሩ። ተመራቂው ተነሥቶ ምን እንደ ተማረ፣ የቱ ትምህርት እንደ ከበደው፣ እንዴት አድርጎ እንደ ተወጣው ይንገራቸው። ከሩቅ እንግዳ ንግግር ይልቅ የጎረቤት ልጅ ቃል ይሰማል።

2ኛ. በሳይንስ የተመረቁ ሁሉ፣ የዘንድሮም የቀደሙትም፣ በክረምት በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ እንዲያስጠኑ ስማቸውን ጽሕፈት ቤት ያስመዝግቡ። የስብሰባ ቤታችን ክፍት ነው፤ ወንበሩም አለ። ሰዓቱ የጸሎትና የሶላት ጊዜ እንዳይነካ ተደርጎ ይወሰናል።

3ኛ. አሮጌ መጽሐፍ፣ የፈተና ወረቀት፣ የሒሳብ ማሽን ሣጥን ውስጥ የቆለፋችሁ አምጡ። ለባነር ከሚወጣው ላይ ጥቂት ቀንሶ አንድ ደርዘን ደብተር መግዛት ይቻላል።

4ኛ. በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ በአረብ አገርና በአሜሪካ ያላችሁ የሠፈራችን ልጆች ገንዘብ ብቻ አንጠይቃችሁም። አንድ ተማሪ ምረጡና በስልክ እየደወላችሁ «የቱ ጋ ደረስክ፣ የቱ ጋ ደረስሽ» በሉ። በሒርና፣ በገለምሶ፣ በበዴሳና በአሰቦት ያሉ የአፎሻና የእድር ወዳጆቻችንም በየሠፈራቸው እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለናል።

5ኛ. ወላጆች ሆይ፣ በተለይ ሴቶች ልጆቻችንን ለእነዚያ ሁለት ሰዓታት ከውኃ መቅዳትና ከምድጃ እንልቀቃቸው። ወጡ ቢዘገይ ቤት አይፈርስም።

ወገኖቻችን፣ ምርቃት ማለት በቋንቋችን ሁለት ነገር ነው፤ ትምህርት ማጠናቀቅም ነው፣ የሽማግሌና የእናት ቡራኬም ነው። ልጆቻችን አንዱን ከዩኒቨርሲቲ፣ ሌላውን ከእኛ ተቀብለዋል። የተቀበሉትን ለታናናሾቻቸው ማካፈል የእነርሱ ፈንታ ነው። መመዝገቢያው በዚሁ ሰሌዳ ሥር ተለጥፏል፤ ብዕሩም በክር ታስሯል። ስማችሁን ጻፉ!

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት