ክምር ድንጋይ ሁሉ ግንብ አይደለም

ወዳጆቼ፣ በተለይ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

እዚህ ደቡብ ኦሞ ውስጥ አንድ ሰው ኮረብታ ላይ የድንጋይ ክብ ወይም የአፈር ቁልል ባየ ቁጥር ፎቶ ያነሳና «የመካከለኛው ዘመን ግንብ ተገኘ!» ብሎ ይለጥፋል። የየትኛው ንጉሥ? አይታወቅም። ማን አጠናው? ማንም። ሼር ግን ይዘንባል። አንዱን ፎቶ አጉልቼ ሳየው የፈረሰ ኩይሳ ነው የሚመስለው፤ ምስጥ የሠራውን ለንጉሥ ሰጥተንላችኋል።

እኔን የሚያናድደኝ ግን ከጀርባው ያለው ሐሳብ ነው፦ ጎንደርን ካልመሰለ ቅርስ አይደለም የሚለው። ፋሲል ግቢ ክብሩ ይገባዋል። እኛ አገር ግን ድንጋይ ያስከመረው ንጉሥ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ከጂንካ በማጎ በኩል ወደ ሙርሲ ምድር ውረዱ። ማርከስ ብሪተንና ቲሞቲ ክላክ የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ድንጋይ በክብ የተደረደረባቸውን ጥንታዊ ቦታዎች ከሙርሲዎች ጋር ሆነው አጥንተዋል። ሙርሲዎች ደግሞ ኦሞን ተሻግረው እንደመጡ ራሳቸው ይናገራሉ። ታዲያ ከእነሱ በፊት እዚያ ማን ነበር? ድንጋዩን የደረደረው ለምን ነበር? ጥያቄው የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። «ግንብ» ስትሉት ገደላችሁት።

ምሽግማ አለን! የዳውሮው የካቲ ሃላላ ኬላ ያለ ጭቃ በድንጋይ ብቻ ተክቦ ብዙ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የከፋ ነገሥታት ግዛታቸውን በጥልቅ ቦይ ያጥሩ ነበር። የኮንሶ መንደሮች በካብ ተከበዋል፤ ዩኔስኮ በ2011 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው ከእርከኑ ጋር ነው። አዎ፣ ከእርከኑ ጋር! እርከን ከግንብ አያንስም።

እስቲ ቦታው ላይ ቆማችሁ ጠይቁ። ቦዩ ከቁልሉ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ? ውጭ ከሆነ ሰው እንዳይገባ ሊሆን ይችላል፤ ውስጥ ከሆነ ምናልባት ከብት እንዳይወጣ። በሩ በየት ነው? ውሃስ? ተከቦ የተቀመጠ ሰው ምን ሊጠጣ ነው? ከአፈሩ ሥር የቆየ እበት ካለ በረት ነበር ማለት ነው። ካቡ ቁልቁለቱን ተከትሎ ደረጃ በደረጃ ከወረደም ገበሬ ነው የሠራው።

«መምህር፣ ግንብ ካላልነው ማን ይጠብቀዋል?» የሚሉኝ አሉ። ስጋታቸው ይገባኛል፤ ግሬደር ሲመጣ ድንጋይ አይለይም። ግን የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመባል ንጉሥ አልጠየቀም፤ የሰው የፈጠራና የሥራ ውጤት መሆኑን ነው የሚያየው። ደግሞስ «ግንብ» ባላችሁ ማግስት ማን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ? አካፋ የያዘ ወርቅ ፈላጊ! ወርቁን ሲያጣ ድንጋዩ ለቤት መሠረት ይጫናል፤ «ለካ ምንም አይደለም» ተብሎ።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አትቆፍሩ፣ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ድንጋይ አታንሱ። ትክክለኛ ቦታውንም ፌስቡክ ላይ አትበትኑት። እዚያው ከብት የሚያግዱትን ሽማግሌ ምን ብለው እንደሚጠሩት ጠይቁና ስሙን በራሳቸው ቋንቋ ጻፉ። ከዚያ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም አሳውቁ። «ግንብ» ብላችሁ የለጠፋችሁም ዛሬውኑ አስተካክሉት፤ አንዳንዶቻችሁን እኔው ነኝ ያስተማርኳችሁ፣ ኮሜንት ላይ እጠብቃችኋለሁ።