ሮምን ያስወደዳት ማን ነው?

“አውሮፓን ማየት የባለጸጋ ነገር ነው” የሚለው አባባል በአዲስ አበባም፣ በናይሮቢም፣ በካምፓላም እንደ ጸና እውነት ይነገራል። ሮም ከተነሣችማ ራሱን የማይነቀንቅ የለም። ሆቴሉ፣ ምግቡ፣ የሙዚየሙ መግቢያ፣ የታክሲው ሒሳብ ተደማምሮ የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ጥሪት ሙልጭ ይላል ይባላል። የሚገርመው፣ ይህን ወሬ አጥብቀው የሚያሰራጩት ከዚያው ደርሰው የተመለሱት ናቸው። ገንዘባቸው ማለቁ እውነት ነው፤ ጥፋቱን በከተማይቱ ላይ ማላከካቸው ግን አግባብ አይደለም። ሮም የምትወደደው በሚቸኩል ሰው ላይ ነው።

ችኮላውን ደግሞ የሚቸረችሩት አሉ። የጉዞ ወኪሎች በየመስኮታቸው የሚለጥፉት ማስታወቂያ “ስምንት ቀን፣ አምስት ከተማ” ይላል፤ ከዚህ ውስጥ ለሮም የሚደርሳት ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ነው። ከሁለት ሺሕ ሰባት መቶ ዓመት በላይ ለሚቆጠርላት ከተማ አንድ ቀን ተኩል! ተጓዡ ከአውቶቡስ ወርዶ ኮሎሲየምን ከውጭ ፎቶ ያነሣል፤ ወደ ትሬቪ ፏፏቴ ሮጦ ሳንቲም ይወረውራል (ሳንቲሙስ ደኅና ቦታ ነው የሚገባው፤ ተለቅሞ ለካሪታስ የበጎ አድራጎት ሥራ ይውላል)፤ ከዚያ ተመልሶ አውቶቡስ። ጊዜ የሌለው ሰው ወረፋ መቆም ስለማይችል ወረፋ የሚያዘልል ትኬት ጨምሮ ይገዛል። መራመድ ስለማይችል ታክሲ ይጠራል። ሁለት ጎዳና ገባ ብሎ የሠፈር ምግብ ቤት መፈለግ ስለማይችል ሐውልቱ ፊት ለፊት ይቀመጥና በስድስት ቋንቋ ከተጻፈ፣ ፎቶግራፍ ከተለጠፈበት የምግብ ዝርዝር ያዝዛል። እንዲህ ያለው ሰው “ሮም ውድ ናት” ብሎ ቢመለስ ምን ይደንቃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ወኪሎቹ ለዚህ መልስ አያጡም። “ሰውዬው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ያገኘው ዕድል ነው፤ የሚችለውን ያህል ከተማ ይመልከት” ይላሉ። ክርክሩ ከላይ ሲታይ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ ሒሳቡ ሲሠራ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ከአፍሪካ ቀንድ ለሚነሣ ሰው ትልቁ ወጪ የሚከፈለው ሮም ሳይደረስ ነው። አውሮፓውያን ለአውሮፓውያን የሚጽፏቸው “በትንሽ ገንዘብ መጓዝ” የሚሉ መጻሕፍት የሚጀምሩት ከአልጋና ከሳንዱች ዋጋ ነው፤ ለዚህ አካባቢ ተጓዥ አንድ መጽሐፍ ቢጻፍ ግን የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ቪዛ ዶሴ በሆነ ነበር። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ዋጋ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው፤ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ማመልከቻውን የሚቀበለው ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ዋጋ ይጨምርበታል። ቢያንስ እስከ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና ኢንሹራንስ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የማደሪያ ማረጋገጫ፣ የአሠሪ ደብዳቤ ይፈለጋል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ደግሞ ሌላ ቀንበር ተጭኖበታል፦ የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ለኢትዮጵያውያን ማመልከቻ መልስ የሚሰጥበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲራዘምና ደጋግሞ የሚያስገባ ቪዛ እንዳይሰጣቸው ተደረገ። “ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ” የሚለውን ተረት ቆንስላዎቹ አልሰሙትም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ወጪና እንግልት ለሦስት ቀንም ሆነ ለአሥራ አምስት ቀን ያው ነው። የአውሮፕላኑም ትኬት እንዲሁ። በጉዞው ላይ ገንዘብ የሚያፈሰው ከከተማ ከተማ መዛወሩ ነው፤ በየሁለት ቀኑ ሌላ ባቡር፣ ሌላ ማደሪያ፣ ገና የሠፈሩ ዳቦ ቤት ሳይታወቅ ደግሞ ሻንጣ መሸከፍ። ቪዛው 29 አገሮችን ይከፍታል ማለት ሃያ ዘጠኙም በር ይንኳኳ ማለት አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ እንዲገባ የተፈቀደለት ሰው፣ በዚሁ ምክንያት አንዲቱን ከተማ በወጉ ቢያያት ይሻለዋል።

አልጋ ውድ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። ከአልጋው ዋጋ ሌላ ከተማይቱ በእያንዳንዱ ሰው ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሌሊት፣ እንደ ማደሪያው ደረጃ የምታስከፍለው የጎብኚ ግብር አለ። ቢሆንም መነኮሳትና መነኮሳዪያት የሚያስተዳድሯቸው የእንግዳ ማረፊያዎች ንጹሕና ጸጥተኛ ናቸው፤ ማታ በራቸውን በጊዜ መዝጋታቸውን ለሚታገሥ ሰው ተስማሚ ናቸው። በጥርና በየካቲት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከበጋው ዋጋ እጅግ ዝቅ ባለ ያድራል፤ ብርዱ ከአዲስ አበባ የክረምት ካፖርት የሚያልፍ አይደለም።

ከአልጋ በኋላ የሚቀረው ሮም ብዙው ነጻ ነው። ነጻ ማለት ደግሞ ተራ ማለት አይደለም። የካራቫጆ ሥዕሎች በሌላ አገር ሙዚየም ቢሆኑ ሰው ብዙ ከፍሎ፣ ተሰልፎ፣ ከገመድ ወዲያ ቆሞ ነበር የሚያያቸው። በሮም ግን ሦስቱ የቅዱስ ማቴዎስ ሥዕሎች ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ በተባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ከአራት መቶ ዓመት በፊት በተሣሉለት ግድግዳ ላይ እንዳሉ አሉ። የጴጥሮስ ስቅለትና የጳውሎስ መውደቅ ሳንታ ማሪያ ዴል ፖፖሎ ውስጥ ናቸው። ቀንድ ያለው የማይክል አንጄሎ ሙሴ ሳን ፒዬትሮ ኢን ቪንኮሊ ውስጥ ተቀምጧል። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ለመግባት የሚጠየቀው ፍተሻና ትዕግሥት ብቻ ነው፤ የሚያስከፍለው ጉልላቱ ላይ መውጣት ነው። የመንግሥት ሙዚየሞችና ኮሎሲየም ራሱ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ያለ ክፍያ ይገባባቸዋል። የቫቲካን ሙዚየሞች ደግሞ በወሩ መጨረሻ እሑድ እስከ እኩለ ቀን ገደማ በራቸው ነጻ ነው፤ ሰልፉ ግን ለደካማ ጉልበት አይመከርም። ለዘመናት በነጻ ይታይ የነበረው ፓንቴዮን እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2023 ጀምሮ 5 ዩሮ ማስከፈሉ የሚያስቆጭ ነው፤ የጸሎት ቤት በር ላይ ትኬት መቁረጥ በየትኛውም ቋንቋ ደስ አይልም።

ውኃም አይገዛም። ከ1874 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየጎዳናው የተተከሉ፣ ሮማውያን በቧንቧቸው ቅርጽ “ባለ ትልቅ አፍንጫ” የሚሏቸው የብረት ምንጮች 2,500 ያህል ናቸው፤ ቀንና ሌሊት ይፈሳሉ። የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለች ቀዳዳ ውኃው ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ሳያጎነብሱ መጠጣት ይቻላል። ቡናን በተመለከተ የአማርኛ አንባቢ መመሪያ አያሻውም፤ ማኪያቶንም ባንኮኒንም ቀድሞ ያውቃቸዋል። ባንኮኒው አጠገብ ቆሞ የሚጠጣ ሰው ከሚቀመጠው ያነሰ እንደሚከፍል ብቻ ይወቅ። አንድ የአውቶቡስ ትኬት 100 ደቂቃ ያገለግላል። በስፔን ደረጃዎች ላይ ግን ዐረፍ ማለት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቅጣቱ እስከ 400 ዩሮ ስለሚደርስ ከዚያ ይልቅ ሆቴል ማደር ይረክሳል።

ይህ ሁሉ ግን ለማንም ጎብኚ የሚነገር ነው። ከአፍሪካ ቀንድ የሄደ ሰው በሮም የሚያገኘው፣ ሌላው መንገደኛ ሳያየው የሚያልፈው ነገር አለ፤ ወኪሎቹም አንድ ቀን እንኳ ጠቅሰውት አያውቁም።

የግዕዝ ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ የታተመው በሮም ነው፤ መዝሙረ ዳዊት፣ በ1513 እ.ኤ.አ.። በ1548 እና በ1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በዚያው አሳተመ። ማረፊያቸው የነበረው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ አለ። እንደ ልብ አይገባበትም፤ ግን ባዚሊካውን የሚያይ የአማርኛ አንባቢ ከጀርባው ምን እንዳለ ሳያውቅ መመለሱ ያሳዝናል።

ከዚያ ጎዳናዎቹ አሉ። በሰሜን ምሥራቅ በኩል “የአፍሪካ ሠፈር” የሚባለው ክፍል ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሶማሊያ፣ ቪያሌ ኢትዮጵያ በሚሉ ስሞች የተሞላ ነው። ወደ ላተራኖ ስንመጣ የአምባ አራዳም ጎዳና ይገኛል። በየካቲት 1936 እ.ኤ.አ. የራስ ሙሉጌታ ሠራዊት በጦርነትና በመርዝ ጋዝ ያለቀበት ተራራ ስም ነው። ከዚሁ ጦርነት መጣ የሚባለው “አምባራዳን” የሚል ቃል በጣልያንኛ ዛሬም ግርግርን፣ ዝብርቅርቅ ያለ ነገርን ይገልጻል፤ እናት የልጇን ያልተስተካከለ ክፍል ስታይ የምትለው ቃል ነው። ስንት ሺሕ ሰው የወደቀበት አምባ በሌላ ሕዝብ አፍ የተዝረከረከ ክፍል መጠሪያ ሆኖ መቅረቱን ከማየት የበለጠ ትምህርት በየትኛው ሙዚየም ይገኛል? ከዚያም በእግር ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ፣ ከምግብና እርሻ ድርጅቱ ሕንጻ ፊት። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ ቆሞበት የነበረው ቦታ ይኸው ነው። በ1947ቱ የሰላም ውል ጣልያን በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ተስማምታ ነበር፤ የተመለሰው በ2005 ነው።

በመጨረሻም ተርሚኒ አለ፤ ባቡር ጣቢያው። ከፊቱ ያለው ትልቅ አደባባይ “የአምስት መቶዎቹ” ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ ስንት ሐበሻ ተጓዥ ጠይቋል? በጥር 1887 እ.ኤ.አ. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣልያን ወታደሮች ናቸው። ስማቸው የተቀረጸበት ሐውልት ከጣቢያው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው፤ አናቱ ላይ የቆመው ደግሞ የዳግማዊ ራምሴስ የግብፅ ድንጋይ፣ ማለትም ከአፍሪካ የተወሰደ ነው። ከአዲስ አበባ የተዘረፈው የይሁዳ አንበሳ በዚሁ ሥር ተቀምጦ በነበረበት ጊዜ፣ በሰኔ 1938፣ ዘርዓይ ደረስ ቁጣውን የገለጸው እዚህ ነው። ጥቂት ጎዳና አለፍ ብሎ ባለው የነጻነት አደባባይ ደግሞ፣ በነሐሴ 2017 ፖሊስ ከአንድ ሕንጻ ያስወጣቸውን፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች በውኃ መድፍ በትኗቸዋል። በየቀኑ የዚህ አካባቢ ሰው ሻንጣውን እየጎተተ በእነዚህ ሁሉ አጠገብ ያልፋል፤ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው እየሮጠ።

“ለመዝናናት የሄደን ሰው የታሪክ ቁስል ማሳየት ምን ይሉታል?” የሚሉ አይጠፉም። እነዚሁ ሰዎች ደንበኞቻቸውን በመጀመሪያ የሚወስዷቸው ወደ ኮሎሲየም ነው፤ ሰው ለሰው መዝናኛ ወደሚታረድበት ወደነበረው ስፍራ። ሌሎች ደግሞ “ደንበኛው አልጠየቀንም” ይላሉ። በማስታወቂያው ላይ ያላየውን ከየት አምጥቶ ይጠይቅ? የዶጋሊ ሐውልት የመግቢያ ትኬት የለውም፤ ትኬት ከሌለው ደግሞ ለወኪሉ የሚቆረጥ ኮሚሽን የለም።